«ምን ካሜራ ልግዛ?» ለምትሉ፦ የፑል ውድድርን በላይቭ በደንብ ማስተላለፊያ መመሪያ

የፑል ውድድር በላይቭ ማስተላለፍ የጀመረ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ምን ካሜራ ልግዛ?» መልሴም አይቀየርም። ካሜራው ይቆይ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መብራት እንይ። ጥሩ መብራት ያገኘ መካከለኛ ካሜራ፣ መጥፎ መብራት ካለበት ውድ ካሜራ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ አንድ ነገር ያዙልኝ። ፑል የሚያይ ሰው በየትኛውም ሰከንድ ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ተጫዋቹ በስቲክ የሚመታት ነጯ ኳስ የት ናት፣ ጨዋታውስ ስንት ለስንት ነው። የምትገዙት ዕቃ፣ የምትቀያይሩት ካሜራ፣ ስክሪኑ ላይ የምትለጥፉት ጽሑፍ ለዚህ ካልጠቀመ ትርፍ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለአንድ ዋና ጠረጴዛ ነው፤ ፕሮፌሽናሎች የሚጫወቱበት ባለ 9 ጫማው። ጠረጴዛ ሲጨመር ያው አሠራር ይደገማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ ሁለት ካሜራ። ሁለቱም በሰከንድ 50 ወይም 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚቀርጹ፣ ብርሃን፣ ቀለምና ፎከስ በእጅ የሚስተካከልባቸው፣ በኤችዲኤምአይ ኬብል የሚያወጡት ምስል ላይ የባትሪ ምልክትና ቁጥር የማይታይባቸው ይሁኑ።
- ካሜራዎቹን ከሶኬት የሚያሠራ አዳፕተር። ባትሪ ውድድር አይጨርስም።
- ለእያንዳንዱ ካሜራ ካፕቸር ካርድ (የካሜራውን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ዕቃ)፣ ወይም ካሜራዎቹን የሚያቀያይር አንድ የቪዲዮ ስዊቸር።
- ጠንከር ያለ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር። የማስተላለፊያ ሶፍትዌሩ ነፃው ኦቢኤስ ይበቃል፤ ሪፕሌይ (ያለፈን ምት ደግሞ ማሳየት) ላይ መራቀቅ የሚፈልግ ቪሚክስን ይይ።
- አንድ ትንሽ ማይክ ለጠረጴዛው፣ ለኮሜንታተሮቹ ደግሞ ማይክ ያለው ሄድሴት።
- የኔትወርክ ኬብል፣ በተጨማሪም መጠባበቂያ የሞባይል ኢንተርኔት።
- ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሳጥን። ለአንድ ሰከንድ የጠፋ መብራት ስርጭቱን ለብዙ ደቂቃ ያቋርጣል።
- የብረት ማሰሪያ ገመድ፣ የወለል ቴፕ፣ ለማቆሚያዎች የአሸዋ ከረጢት።
- ሁለት ሰው፤ አንዱ ካሜራ የሚቀያይር፣ አንዱ ነጥብ የሚይዝ። ብቻችሁን ከሆናችሁም ይቻላል፣ ግን ደረጃ 9 ላይ ትቸገራላችሁ።

ደረጃ 1፦ መብራቱን አስተካክሉ

የዓለም ፑልና ቢሊያርድ ማኅበር መስፈርት በጠረጴዛው መጫወቻና ጠርዝ ላይ በየትኛውም ነጥብ ቢያንስ 520 ሉክስ ብርሃን እንዲኖር ይጠይቃል። መሃሉን ብቻ አትለኩ። አራቱን ማዕዘኖችና የረጅሙን ጠርዝ ሥር ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚጨልመው እዚያ ነው፤ ኳሶቹ ደግሞ ሲጠጉ የሚውሉት እዚያው ነው። የብርሃን መለኪያ ከሌላችሁ የስልክ አፕ ግምት ይሰጣችኋል። ቁጥሩ በትክክል ልክ ባይሆንም በመሃልና በማዕዘን መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያችኋል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

አንድ ነጠላ አምፖል ከመሃል ሲሰቀል ከእያንዳንዷ ኳስ ጎን ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ስክሪን ላይ ጥላውና ኳሷ ይዋሃዱና ኳሶቹ ይነካኩ አይነካኩ መለየት ያቅታል። በጠረጴዛው ዙሪያ የሚሄድ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን መብራት ግን ጥላውን ያሳሳል፤ ከላይ ለሚሰቀለው ካሜራም መንገድ ይተዋል።

አምፖሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው። አንዱ ቢጫ አንዱ ነጭ ከሆነ ኳሷ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስትሄድ ቀለም ትቀይራለች፤ ይህን ደግሞ ምንም የካሜራ ማስተካከያ አያድነውም።

ጠረጴዛው ሲበራ የተጫዋቹ ፊት ይጨልማል፣ ምክንያቱም መብራቱ ወደ ታች ነው። ከጎን ለስላሳ ብርሃን ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጨመራችሁት መብራት ለመምታት ጎንበስ ያለ ተጫዋች ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። ራሳችሁ ስቲክ ይዛችሁ ከስድስቱም ቀዳዳዎች አቅጣጫ ጎንበስ እያላችሁ ፈትሹ። ከዚያ ዳኛውን አሳዩት።

ደረጃ 2፦ ስለ ኳሱ ከአዘጋጁ ጋር ተነጋገሩ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ነፃ የሆነ ማሻሻያ ነው፣ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

በተለመደው የኳስ ስብስብ 4 ቁጥር ሐምራዊ፣ 7 ቁጥር ደግሞ ጥቁር ቀይ ነው። ስክሪን ላይ፣ በተለይ በስልክ፣ ሁለቱም ከጥቁሯ 8 ጋር ይመሳሰላሉ። ለቴሌቪዥን ተብለው የሚሠሩት ስብስቦች 4 ቁጥርን ሮዝ፣ 7 ቁጥርን ፈካ ያለ ቡናማ ያደርጓቸዋል። 9 ቦል (ከ1 እስከ 9 ቁጥር ባላቸው ኳሶች የሚጫወቱት የፑል ዓይነት) ላይ መጀመሪያ መነካት ያለባት ትንሿ ቁጥር ስለሆነች ተመልካቹ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በአንድ እይታ ካልለየ ጨዋታውን መከተል አይችልም።

ነጯም ነጠብጣብ ያለባት ብትሆን ይመረጣል። ንጹህ ነጭ ኳስ መሽከርከሯ አይታይም። ነጠብጣብ ያላት ግን ወደ ኋላ እየተሽከረከረች እንደሄደች፣ በጎን እንደዞረች በዓይን ይታያል። ኮሜንታተሩ «ወደ ኋላ ጎትቷታል» ሲል ተመልካቹ ራሱ ያየዋል።

ደረጃ 3፦ የላይኛውን ካሜራ ስቀሉ

ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ መጫወቻው 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእንጨቱ ጋር ወደ 2.9 በ1.6 ሜትር ይጠጋል። ይህ ከ16 ለ9 ስክሪን ቅርጽ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረው። ግን ጠርዝ ለጠርዝ አትሙሉት። ለነጥብ ሰሌዳው ቦታ ስለሚያስፈልግ ወርዱ 3.3 ሜትር ያህል እንዲያሳይ አድርጉ።

ምን ያህል ከፍታ? ወደ ጎን 70 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ ከጠረጴዛው በላይ 2.4 ሜትር ገደማ መውጣት አለበት። 90 ዲግሪ የሚያየው 1.65 ሜትር ይበቃዋል። ጣሪያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ሰፊውን ሌንስ ከመውሰድ ሌላ ምርጫ የላችሁም፤ ችግሩ በጣም ሰፊ ሌንስ ቀጥ ያለውን ጠርዝ ወደ ውጭ ያጎብጠዋል። ጠርዙ ከጎበጠ ደግሞ በጠርዝ የሚመለስ ኳስ ማዕዘኑ ውሸት ይሆናል። ካሜራው ማስተካከያ ካለው ተጠቀሙበት፣ ሲብስ ሌንሱን ቀይሩ።

ካሜራውን በመብራቱ ክፍት መሃል በኩል እንዲያይ አድርጋችሁ ስቀሉት። የመብራቱ ጠርዝ ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ አረጋግጡ። ረጅሙ ጠርዝ ከስክሪኑ ታችኛ መስመር ጋር ትይዩ ይሁን። ትንሽ እንኳ ከተጣመመ ዓይን ቶሎ ያየዋል፤ ሰዓታት ሙሉ ደግሞ ይረብሻል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ጭንቅላት ላይ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ካሜራውም ሌንሱም በብረት ገመድ ለየብቻ ይታሰሩ። ጠረጴዛው ላይ ምንም ነገር አትሰሩ፣ አትለጥፉ፣ አትደገፉ።

ደረጃ 4፦ ዋናውን ካሜራ አስቀምጡ

ቦታው ከጠረጴዛው አጭር ጎን፣ ኳሶቹ ከሚደረደሩበት በኩል ነው። በዚያ ስትሆኑ ብሬክ (የተደረደሩትን ኳሶች የሚበትነውን የመክፈቻ ምት) የሚመታው ተጫዋች ፊቱን ይሰጣችኋል። በተቃራኒው ከሆናችሁ በየራኩ (ኳሶቹ ተደርድረው በሚጀመረው በእያንዳንዱ ዙር) መጀመሪያ የምታሳዩት የሰው ጀርባ ነው።

ከፍ አድርጉት፣ ራቅ አድርጉት፣ ከዚያ በዙም አቅርቡት። ቅርብ ሆኖ በሰፊ ሌንስ ያየ ካሜራ የቅርቧን ኳስ ያተልቅና የሩቋን ነጥብ ያደርጋታል። ከፍታው የሚበቃው በቅርቡ ጠርዝ ሥር የተጠጋች ኳስ ሙሉ በሙሉ ስትታይ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ኳስ እዚያ አስቀምጡና እዩ።

ሦስተኛ ካሜራ ካላችሁ ለተጫዋቾቹ ፊትና ለሚቀመጡበት ወንበር አውሉት። ቀዳዳ ውስጥ የሚያይ ካሜራ የመጨረሻው ግዢ ይሁን። ያምራል፣ ግን ምንም አይናገርም።

ደረጃ 5፦ አውቶማቲክ የሆነውን ሁሉ አጥፉ

ፎከስ በእጅ። ብርሃን በእጅ። ዋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ማስተካከያ) በእጅ። ካሜራው በራሱ ሲወስን ሰፊውን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ያይና «ለማካካስ» ነጩን ያበላሸዋል። ተጫዋቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲጎነበስ ደግሞ ጠረጴዛው በሙሉ ይጨልማል። ነጭ ወረቀት ጨርቁ ላይ አንጥፉና ሁለቱንም ካሜራ በዚያው መብራት ሥር አስተካክሉ። ብርሃኑን ስትመጥኑ ነጯ ኳስ ላይ ያለው ነጠብጣብ መታየቱን እዩ። ከጠፋ ብርሃኑ በዝቷል።

ሸተሩ ላይ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ላይ፣ ትንሽ እንቆይ። ጠንካራ ብሬክ ኳሷን በሰከንድ 9 ሜትር ያህል ያስሮጣታል። በ30 ፍሬም ስትቀርጹ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች፤ በ60 ፍሬም 15 ሴንቲ ሜትር። 60 የምለው ለዚህ ነው። የሸተር ፍጥነቱ 1/60 ከሆነ እያንዳንዱ ምስል ላይ 15 ሴንቲ ሜትር የተሳበ ጭረት ታያላችሁ፤ 1/250 ሲሆን ከኳሷ ስፋት በታች ይወርዳል።

እንግዲህ ለምን ሁሌ 1/250 አናደርገውም? ምክንያቱ መብራቱ ነው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሸተሩ ከዚያ ጋር ካልተስማማ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይሄዳል። ስለዚህ በ50 ኸርዝ አገር 1/100 (በ50 ፍሬም ከቀረጻችሁ 1/50ም ይሆናል)፣ በ60 ኸርዝ አገር 1/60 ወይም 1/120 አድርጉ። የማይርገበገብ ኤልኢዲ ካላችሁ ብቻ ወደ 1/250 ውጡ። ከመወሰናችሁ በፊት ቀርጻችሁ በትልቅ ስክሪን እዩት፤ የካሜራዋ ትንሽ ስክሪን መርገብገቡን ትደብቃለች።

በመጨረሻም ካሜራው ራሱን የሚያጠፋበትን ሰዓት ከሜኑው ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉት። ወሳኙ ራክ ላይ ነው ጉድ የሚያደርጋችሁ።

ደረጃ 6፦ ድምፅ

ምስሉ ትንሽ ቢወርድ ሰው ይታገሳል፤ ድምፁ ሲበላሽ ግን ጥሎ ይሄዳል። የጠረጴዛውን ማይክ ከመብራቱ ማቀፊያ ላይ፣ ወደ ታች አዙራችሁ እሰሩት። ስቲኩ ነጯን ሲመታት፣ ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ስትገባ የሚሰማው ድምፅ ምቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ይነግራል። ይህ ከጠፋ ጨዋታው ሕይወት ያጣል።

የኮሜንታተሮቹ ድምፅ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይሁን። የጠረጴዛው ድምፅ ከእነሱ ዝቅ ይበል፣ ግን ይሰማ።

ድምፅና ምስል መገጣጠማቸውን ለማወቅ ጭብጨባ አያስፈልግም። ኳስ በኳስ አስመቱና ቅጂውን በዝግታ እዩ። ምስሉ በካፕቸር ካርድ ሲያልፍ ስለሚዘገይ ድምፁ ቀድሞ ይመጣል። በኦቢኤስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ማይኩን በሚሊሰከንድ አዘግዩት። በ60 ፍሬም ሦስት ፍሬም ማለት 50 ሚሊሰከንድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አዳራሹ ውስጥ የሚከፈት ዘፈን በማይኩ ገብቶ ቪዲዮአችሁን በቅጂ መብት ሊያዘጋባችሁ ይችላል። ከአዘጋጁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ተጫዋች እረፍት ሲጠይቅም የጠረጴዛውን ማይክ ዝጉ፤ የግል ወሬውን ዓለም መስማት የለበትም።

ደረጃ 7፦ ኢንተርኔት

በኬብል። ዋይፋይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሸጋ ይሆንና ተመልካች ሲገባ ይሞታል፣ ምክንያቱም ሁሉም ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። የመላኪያ ፍጥነቱን ለኩ፤ የማውረጃው እዚህ አይጠቅማችሁም። ለ1080ፒ በ60 ፍሬም ከ6 እስከ 9 ሜጋቢት ላኩ፤ መስመሩ ግን የዚያ እጥፍ ይኑረው። ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የመረጃ መጠን) ቋሚ ይሁን፣ ኪፍሬሙ (ሙሉ ሆኖ የሚላከው ምስል) በየ2 ሰከንዱ። መስመሩ ካልቻለ ወደ 720ፒ ውረዱ፣ 60 ፍሬሙን ግን አትንኩ። ፑል ላይ ከጥራት ይልቅ የእንቅስቃሴ ልስላሴ ይበልጣል።

ሲቆራረጥ መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ። ኦቢኤስ ሁለቱን ለየብቻ ይቆጥራል። በኔትወርክ የጠፉ ፍሬሞች ካሉ ቢትሬት ቀንሱ። ኮምፒውተሩ ኢንኮድ ማድረግ (ቪዲዮውን ለመላክ ማመቅ) አቅቶት የዘለላቸው ከሆኑ ግን ቢትሬት መቀነስ ዋጋ የለውም፤ ኢንኮደሩን ወደ ግራፊክስ ካርዱ አዙሩት።

ደረጃ 8፦ የነጥብ ሰሌዳ

መሃል መንገድ ላይ የገባ ሰው በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሁሉን ማወቅ አለበት። የተጫዋቾቹ ስም፣ ነጥቡ፣ ስንት ራክ የቀደመ እንደሚያሸንፍ፣ አሁን ተራው የማን እንደሆነ። ሰዓት የሚቆጠርበት ውድድር ከሆነ የቀረው ሰከንድና ተጨማሪ ጊዜውን ተጠቅሞ እንደሆነ ይታይ። ተጫዋቹ በተከታታይ ሁለት ፋውል ላይ ካለ ይህም ይጻፍ። 9 ቦል ላይ ሦስተኛው ራኩን ስለሚያሳጣው፣ ተጋጣሚው ለምን ከማስገባት ይልቅ ነጯን መደበቅን እንደመረጠ የሚያስረዳው እሱ ነው።

ከስክሪኑ ግርጌ አድርጉት፣ ቀዳዳ አይሸፍን። ከዚያ በስልካችሁ ከፍታችሁ እዩት። ያለ መነጽር ማንበብ ካቃታችሁ ፊደሉን አተልቁ።

ደረጃ 9፦ ካሜራ መቀያየር

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ኳስ እየተንቀሳቀሰች ካሜራ አይቀየርም። ስትቀይሩ የተመልካቹ ዓይን ነጯን ይጥላታል፤ ፈልጎ ሲያገኛት ቆማለች። ምቱን ሳያየው አለፈ ማለት ነው።

ብሬክ፦ ከዋናው ካሜራ አሳዩ። ኳሶቹ ሲቆሙ ወደ ላይኛው ሂዱና ጥቂት ሰከንድ ቆዩ። ተመልካቹ አቀማመጡን ያንብብ።

ተራ ምት፦ ዋናው ካሜራ ይበቃል።

ነጯ ስትደበቅ፦ 2 ቁጥር ከረጅሙ ጠርዝ ተጠግታለች እንበል፣ በእሷና በነጯ መካከል 7 ቁጥር ቆማለች። ተጫዋቹ ጠመኔ እየቀባ ይዞራል፣ ስቲኩን ጠርዙ ላይ አጋድሞ ማዕዘን ይለካል። ያኔ ወደ ላይኛው ካሜራ ሂዱና ምቱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆዩ። ከዋናው ካሜራ ይህ ምት «መታ፣ ነካ» ብቻ ነው። ከላይ ሲታይ ግን ነጯ ከየትኛው ጠርዝ ተነስታ በምን ማዕዘን እንደተመለሰች፣ 7 ቁጥርን በስንት ጣት እንዳለፈቻት ይታያል።

ፊት፦ ኳሶቹ ቆመው፣ ተጫዋቹ ገና ጎንበስ ሳይል። የሳተ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ያለው ፊት ጥሩ ነው፣ ግን ተጋጣሚው ጎንበስ ካለ ወዲያው ተመለሱ።

ደረጃ 10፦ ሪፕሌይ

ኦቢኤስ ያለፉትን ሰከንዶች የሚይዝበት ሪፕሌይ ቋት አለው። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል። ሪፕሌይ የሚገባው ለከባድ ምት፣ ለፋውል ክርክርና ለዕድል ነው። ቀጥታ ካሳያችሁበት በተለየ ካሜራ ካልሆነ ጥቅሙ ግማሽ ነው። ከከፈታችሁት በኋላ አንድ ዓይናችሁ ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ ተጫዋቹ ጎንበስ ካለ አቋርጡት። ያለፈውን ስታሳዩ የአሁኑ ካመለጠ ተመልካቹ ይቅር አይላችሁም።

ደረጃ 11፦ ኮሜንታተሮች

ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ ተጫዋቹ እንዳይሰማቸው። የሚያዩት ስክሪን የእናንተን ስርጭት ያሳይ፣ ያለበለዚያ ተመልካቹ ስለማያየው ነገር ያወራሉ። ተጫዋቹ ጎንበስ ሲል ዝም ይበሉ። ቆሞ ሲያስብ ደግሞ ምን እያሰበ እንደሆነ ያስረዱ፤ ለምን 3 ቁጥርን ከግራ፣ ነጯስ ለ4 ቁጥር የት ትቁም? «ግሩም ምት» ማለት ሥራ አይደለም።

ደረጃ 12፦ በግጥሚያዎች መካከል

ባዶ ጠረጴዛ በዝምታ አታሳዩ። የሚቀጥሉት ተጫዋቾች ስም፣ የሚጀምርበት ሰዓት ከነሰዓት ቀጠናው፣ የሌሎች ጠረጴዛዎች ውጤት፣ ካለቀው ግጥሚያ አንድ ሁለት ምት። የስርጭቱ ርዕስም በየግጥሚያው ይቀየር፤ «ቀን 2 ላይቭ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም፣ የሚፈለገው በተጫዋች ስም ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ረጅም ኤችዲኤምአይ። ተራው ኬብል ከ10 ሜትር ካለፈ ምስሉ መጥፋትና መመለስ ይጀምራል። ለረጅም ርቀት ኤስዲአይ (የባለሙያ ቪዲዮ ኬብል) ወይም በፋይበር የሚሠራ ኤችዲኤምአይ ተጠቀሙ።
- ኮምፒውተሩ የሲስተም ማሻሻያ ሲጀምር፣ ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል። ሁለቱንም ከቀኑ በፊት አጥፉ።
- በቴፕ ያልተያዘ የወለል ኬብል። ተጫዋች ጠረጴዛውን እየዞረ ዓይኑ ኳስ ላይ ነው፣ እግሩ ሥር አያይም።
- ከቻት ጋር መጨቃጨቅ። ስርጭቱ በብዙ ሰከንድ ስለሚዘገይ «ድምፅ የለም» የሚለው መልእክት ሲመጣ ችግሩ ቆይቷል፤ ካስተካከላችሁ በኋላም መምጣቱን ይቀጥላል። ስርጭቱን በሌላ ስልክ፣ በሌላ ኢንተርኔት፣ በጆሮ ማዳመጫ ራሳችሁ ተከታተሉ።
- ሙከራ በባዶ ጠረጴዛ ማድረግ። ሁለት ሰው ሙሉ ራክ ይጫወትላችሁ፣ ነጥብ ያዡም ነጥብ ይያዝ፣ ሪፕሌይም ይከፈት። ቅጂውን ያን ጊዜ ላልነበረ ሰው በስልክ አሳዩትና ነጥቡ ስንት እንደሆነና ቀጣዩዋ ኳስ የትኛዋ እንደሆነች ጠይቁት። ከተንተባተበ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።